ስለ ሽርሽር፣ ስለ ሰንበትና ስለ ወንጪ ፈረስ መሪዎች



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ዕረፍት ነው። በመድረክ ላይ ስለ ጸሎት፣ ስለ ትጋትና ስለ ስደት ብዙ ሰብኬአለሁ። ስለ ዕረፍት የሰበክሁት ግን በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ እርሱም ቢሆን ስለ ሰማዩ ዕረፍት ነበር። ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ልጆቹን ይዞ «ትንሽ ልናፈስ» ብሎ ስለሚወጣው ምድራዊ ዕረፍት በቁም ነገር ማሰብ የጀመርሁት ባለፈው ጥር ነው። ያነሣሣኝም፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የካሪቢያን ባሕር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአጥቢያችን ረጅም ዘመን ያገለገለች አንዲት እናት ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ ልጇን ይዛ አምቦ ወደሚገኘው ቤቴ መጣች። ልጁ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ያደገ ነው። ገና ቡናው ሳይቀርብ «ፓስተር፣ ይህን ልጅ ይምከሩልኝ» አለችኝ። «ሳምንት ሙሉ ጀልባ ላይ እያደረ፣ ውኃ ውስጥ እየገባ ዓሣ ሲያይ ከርሞ መጣ። ያን የሚያህል ገንዘብ! በዚያ ገንዘብ የአጎቱ ቤት ቆርቆሮ ይለወጥ ነበር።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም ተግሣጼን በሆዴ አዘጋጅቼ «እስቲ አሳየኝ» አልሁት።

ስልኩን አውጥቶ ያሳየኝ ነገር በእውነት ዓይን ይይዛል። ቤሊዝ በምትባል የመካከለኛው አሜሪካ አገር ዳርቻ የተነሡ ፎቶዎች ናቸው። ሰዎቹ ሆቴል አይዙም። የሚተኙት፣ የሚበሉት፣ የሚጸልየውም ካለ የሚጸልየው እዚያው ጀልባው ላይ ነው። ጀልባው ከደሴት ደሴት ይወስዳቸዋል፤ እነርሱም የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው በቀን አራት አምስት ጊዜ ይጠልቃሉ። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተሠራው በ1943 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የሠሩትም ኩስቶና ጋኛን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው። ከዚያ በፊት ሰው ባሕርን የሚያውቀው በአብዛኛው ከላይ ነበር። በመዝሙር 107 በመርከብ የሚሄዱ ሰዎች የጌታን ድንቅ በጥልቁ እንደሚያዩ ተጽፏል። መዝሙረኛው ይህን ሲጽፍ ልጁ ያየውን አላየም ብዬ አስባለሁ፤ ያውም ኮራሉ ገና ያልተጎዳበትን ቦታ። በ2023 የባሕሩ ሙቀት ከልክ አልፎ በካሪቢያን ብዙ ቦታ ኮራሉ ነጥቶ እንደነበር ነገረኝ።

ከፎቶዎቹ አንዱ ከአየር የተነሣ ነበር። በባሕሩ መካከል ክብ፣ ጥቁር ሰማያዊ ጉድጓድ ይታያል። ስፋቱ 300 ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ከ120 ሜትር ይበልጣል። እናቱ አንገቷን አስግጋ አየችና «ይሄ እኮ ወንጪ ነው!» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። «እኔ ወንጪን አይቼ ስለማላውቅ መምሰሉን አላውቅም» አለች።

ወገኖቼ፣ ከእርስዋ ጋር በትዳር 26 ዓመት ኖረናል። ወንጪ ከአምቦ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። ፈረንጅ ከዓለም ዳርቻ በአውሮፕላን እየመጣ ያየዋል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል። በገበታ ለሀገር ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር የለማችውም ይህችው ወንጪ ናት። የእኔ ባለቤት ግን አላየቻትም። ምክንያቱም ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ አለ፣ እሑድ አምልኮ አለ፣ ሰኞ የሽማግሌዎች ስብሰባ አለ፣ ማክሰኞ ጸሎት አለ። ያዘጋጀሁት ተግሣጽ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ስለዚህ በመገሠጽ ፈንታ ልጁን ጠየቅሁት። «ለምን ሄድህ?»

«ፓስተር፣ ሦስት ዓመት ሁለት ሥራ ስሠራ ነበር። ለእማዬ በስልክ የምነግራት አንዱን ብቻ ነው። ሌሊት መጋዘን፣ ቀን ደግሞ አረጋውያን መንከባከቢያ። አንድ ቀን እየነዳሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጌታ ነው ያተረፈኝ። ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ነው በግድ የወሰደኝ።»

እናቱ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ሲኒውን አስቀመጠች። እኔም የማውቀውን ነገር አስታወስሁ። የአዳራሻችን ወንበሮች ግማሾቹ የተገዙት ይህ ልጅ በላከው ገንዘብ ነው። ሪፖርት ሲቀርብ «በውጭ የሚኖሩ ወገኖች» እየተባለ ይነበባል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ያ ገንዘብ ከየትኛው እንቅልፍ እንደ ተቆረጠ ጠይቀን አናውቅም።

«ውኃ ውስጥ የመጀመሪያው ሕግ ምንድን ነው?» አልሁት፤ ወሬውን ለማቅለል ብዬ ነው።

«ትንፋሽን አለመያዝ» አለኝ። «ሰው ፈርቶ ትንፋሹን ከያዘና ወደ ላይ ከወጣ፣ በሳንባው ያለው አየር እየሰፋ ይሄድና ይጎዳዋል። ስለዚህ ምንም ነገር ቢመጣ መተንፈስ አለብህ ይሉናል። ሲወጣም ቀስ ተብሎ ነው። አምስት ሜትር ላይ ሲደረስ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆሞ መጠበቅ አለ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ወዲያው አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ ብዙዎቻችን አንድ ቀን ሙሉ እንጠብቃለን።»

የእኔ ነገር ወዲያው ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ይሮጣልና፣ በነገረ መለኮት ኮሌጅ የተማርሁት አንድ የዕብራይስጥ ቃል ትዝ አለኝ። በዘጸአት 23፥12 በሰባተኛው ቀን ሥራ እንዲተው የታዘዘው በሬውና አህያው እንዲያርፉ፣ የባሪያይቱ ልጅና መጻተኛውም እንዲያገግሙ ነው። እዚያ ያለው ግሥ ከ«ነፍስ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ትንፋሽን መሳብ፣ እፎይ ማለት ማለት ነው። በዘጸአት 31፥17 ደግሞ ያው ግሥ፣ እጅግ በሚያስደንቅ ሁኔታ፣ ስለ ራሱ ስለ እግዚአብሔር ተነግሯል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያሻንም። «ልናፈስ ወጣሁ» እንላለን፤ የምንወጣበትንም ቦታ «መናፈሻ» ብለን ጠርተነዋል። ሕዝባችን ሽርሽርን የሰየመው በትንፋሽ ነው። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ መናፈስን የዓለማዊነት ታናሽ ወንድም አድርጌ ቆጥሬዋለሁ!

ይህ አመለካከት ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው በየቤቱ ተደብቀን ስንጸልይ፣ ሽርሽር የሚባል ነገር የሚያስብ አልነበረም። የነበረን ጊዜ በሙሉ የጌታ ነበር፤ በዚያም አላፍርም። ነገር ግን የስደት ጊዜ ልማድ በሰላም ጊዜ ሕግ ሲሆን አገልጋይን ይገድላል። ባለፈው ዓመት እኔ ራሴ በኮንፈረንስ መካከል ድምፄ ተዘግቶ፣ ደም ግፊቴ ወጥቶ ከመድረክ ተደግፌ ወርጃለሁ። ያኔ ወንድሞች «ጦርነት ነው፣ ጠላት ነው» ብለው ጸለዩልኝ። ጸሎታቸውን አከብራለሁ። ሐኪሙ ግን የጠየቀኝ ስለ ጠላት ሳይሆን ስለ እንቅልፌ ነበር።

የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 6 አንብቡት። ሐዋርያት ከአገልግሎት ተመልሰው እህል እንኳ ለመቅመስ ጊዜ ሲያጡ፣ ጌታ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ጠራቸው። የሄዱትም በጀልባ ነው። ሕዝቡ በእግር ቀድሟቸው ደረሰና ዕረፍቱ ተቋረጠ፤ ጌታም አዘነላቸውና አስተማራቸው። ሰባኪዎች ይህን ክፍል ስንሰብክ የምንወደው ዕረፍቱ የተቋረጠበትን ቁጥር ነው። ጥሪው ግን ከዚያ በፊት ነው ያለው። በምዕራፍ 4 ደግሞ ጌታ ራሱ በማዕበል መካከል ትራስ ላይ ተኝቷል።

እንግዲህ ልጁ ሰኞ ስለሚመለስ ቅዳሜ ዕለት ሁላችንም ወንጪ ለመሄድ ተስማማን። የመዘምራን ልምምዱን ለሌላ ሰው ሰጠሁ፤ ሰማይም አልወደቀም።

መንገዱ ከአምቦ ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል። የገብስ ማሳ፣ እንሰት፣ ብርድ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው አፋፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ሐይቁ ተራራ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ መስተዋት ይመስላል። በኦሮምኛ «ሐሮ» ማለት ሐይቅ ነው። ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ ጉድጓድ ነው ዛሬ ውኃ የሞላው። በደሴቱ ላይ ጥንታዊው የወንጪ ቂርቆስ ገዳም አለ። ባለቤቴ አፋፉ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም። እኔም አልተናገርሁም፤ ሰባኪ ዝም ሲል ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ሐይቁ ለመውረድ ፈረስ ያዝን። የባለቤቴን ፈረስ ልጓም ይዞ የቀረበው ወጣት ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። «ፓስተር፣ ጤና ይስጥልኝ» አለኝ፤ ድምፁ አልተለወጠም።

አወቅሁት። ስሙን እዚህ አልጽፍም። አምቦ እየተማረ በነበረ ጊዜ በመዘምራን ኅብረታችን ነበር፤ ድምፁም ከሁሉ የተሻለ ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ መንደሩ ከተመለሰ በኋላም እሑድ እሑድ ለመምጣት ይሞክር ነበር። ከዚያ መቅረት አበዛ። ሁለት ጊዜ አስጠራሁት፤ በሦስተኛው ከመዘምራን ዝርዝር ስሙን አስወጣሁ። «ለአምልኮ የማይገኝ ሰው አምልኮን አይመራም» ያልሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም። ለምን እንደሚቀር ጠይቄው ይሆን? ጠይቄዋለሁ። መልሱን ግን አልሰማሁም፤ «ሥራ» ሲለኝ «ከጌታ የሚበልጥ ሥራ የለም» ብዬ ዘጋሁት።

ቁልቁለቱን እየወረድን በእርጋታ አወራን። ቅሬታ አላቀረበም። የነገረኝ የሥራውን አካሄድ ብቻ ነው። እንግዳ የሚበዛው ቅዳሜና እሑድ ነው። የሚሠራው በተራ ነው። ተራው እሑድ ሲደርስ ካልተገኘ ለሌላው ያልፋል፤ እንደገና እስኪደርሰው ይጠብቃል። ሰኞ ማክሰኞ መጥቶ ቢቆም የሚመራው ሰው የለም። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልሁም።

«ፓስተር፣ እሑድ የሚመጡት ብዙዎቹ እኮ የእኛው ሰዎች ናቸው። ባለፈው ከአዲስ አበባ የአንድ አጥቢያ ወጣቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው መጡ። ጀልባ ላይ እየዘመሩ ተሻገሩ። እኔ ዳር ላይ ፈረሱን ይዤ መዝሙሩን ስለማውቀው አብሬ ዘመርሁ። ሲመለሱ ዋጋው ተወዷል ብለው ተከራከሩኝ።»

ሐይቁ ዳር ደርሰን ጀልባ ስንሳፈር እርሱ ፈረሶቹን ይዞ ቀረ። ያቺ ለልጇ ተግሣጽ የፈለገች እናት ውኃ ትፈራለችና የባለቤቴን እጅ ጨምድዳ ይዛ ነበር። መሐል ላይ ስንደርስ ግን ሞተሩ ጸጥ አለና እርስዋም ለቀቀቻት። «ከሥሩ ምን አለ?» ብላ ልጇን ጠየቀችው። «አላውቅም እማዬ፤ እዚህ አልገባሁም» አላት። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ጠየቅሁት። «ያ የቤሊዙ ጀልባ ላይ ማን ነበር የሚያበስልላችሁ?» የወጥ ቤቱን ሰው ስም ነገረኝ፤ የዚያው አገር ሰው ነው። «መቼ ነው የሚያርፈው?» አልሁት። አሰበ፣ አሰበና «ከእኛ በፊት ይነሣል፣ ከእኛ በኋላ ይተኛል። እርሱን አልጠየቅሁትም» አለኝ። አልወቀስሁትም። እኔም የራሴን መዘምር አልጠየቅሁም።

እዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ። ብዙ አገልጋይ ወንድሞቼ እንደማይስማሙ አውቃለሁ።

አሥርቱ ትእዛዛት በመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ቦታ ተጽፈዋል። በዘጸአት 20 ሰንበት የሚጠበቅበት ምክንያት እግዚአብሔር ፈጥሮ ማረፉ ነው። በዘዳግም 5 ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ እስራኤል በግብፅ ባሪያ ነበረ። ስለዚህ ወንድና ሴት አገልጋዮቹ እንደ እርሱ ያርፉ ዘንድ ታዘዘ፤ በሬና አህያም፣ ከብቱም ሁሉ ተቆጥሯል። እኛ የወንጌል አማኞች የመጀመሪያውን እንወዳለን፤ ሁለተኛውን እናልፈዋለን። ዕረፍት ለእኔ ሲሆን ስጦታ ነው፤ ሌላው ሰው ስላላረፈ ብቻ እኔ ካረፍሁ ግን ያ ዕረፍት የግብፅን ይመስላል፤ የጡብ አለቃ ዕረፍት ነው። የወንጪን ፈረሶች ጀርባ ያየ ሰው ስለ ከብቱ ለምን እንደ ተጻፈም ይገባዋል።

ስለዚህ አንደኛ ነገር፣ አማኝ ይረፍ፣ ይዝናና፣ ጀልባ ይሳፈር። አቅም ኖሮት ካሪቢያን ድረስ የሄደውንም «አባከንህ» ብዬ በጅምላ አልኮንንም፤ የሚያባክን መኖሩን አውቃለሁ፣ ግን ያን ልጅ ያዳነው ያ ሳምንት ነው። የአጎቱ ቆርቆሮ? እሱንም ልኮ ኖሯል፤ ሲጠየቅ ቆርቆሮው ሳይሆን አጎቱ ነበር የተሰወረው። ይህን ለቀልድ ያህል ነው።

ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው። የወጣቶች ሪትሪት፣ የጥንዶች ሽርሽር የምታዘጋጁ አጥቢያዎች፣ ከቻላችሁ እሑድ ወንጪ አትምጡ። በሥራ ቀን ኑ፤ ያን ጊዜ እንግዳ የሌለው ወጣት ሥራ ያገኛል። እሑድ የግድ ከመጣችሁ ደግሞ አምልኮውን ጀልባ ላይ ለራሳችሁ ብቻ አታድርጉት፤ ፈረስ የሚመራውን፣ ጀልባ የሚነዳውን ጋብዙት፣ ለሚቆምበት ሰዓትም ክፈሉት። በዋጋ አትከራከሩት። ለአዳራሽ ሺህ ብር ቃል ገብቶ ለፈረስ መሪ ሃምሳ ብር የሚቀንስ እጅ ያሳፍረኛል።

ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ይህን ሳነሣ «ፓስተር፣ እንዲህ ከሆነ ሁሉም ለገንዘብ ሲል አምልኮ ይተዋል» አለኝ። ቅን ሰው ነው፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። እኔ ግን መልሼ ጠየቅሁት። አምቦ ሆስፒታል እሑድ ተረኛ የሆነችውን ነርስ ከመዘምራን አስወጥተናል ወይ? የመብራት ኃይል ሠራተኛውን፣ ወታደሩንስ? አላስወጣንም። እንዲያውም ቆመን እንጸልይላቸዋለን። ፈረስ መሪውን ያስወጣነው ሥራው ሥራ ስላልመሰለን ነው። ድሃ ስለሆነ ነው ብዬም ልናገር፤ ተናግሬአለሁ፣ በስብሰባው ላይ። ስብሰባው ሁለት ቀን ፈጀ።

በመጨረሻ የተወሰነው ይህ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በወንጪ በአንድ አማኝ ቤት የቃልና የዝማሬ ጊዜ እንዲጀመር፣ እሑድ የሚሠሩ ወገኖች እንደ ሌላው አባል እንዲቆጠሩ፣ የጌታ እራትም ተራ ወጥቶ እዚያ እንዲሰጥ። ስለ ልጁም ስም ወደ ዝርዝሩ እንዲመለስ ተወስኗል። እኔ በበኩሌ ወንጪ ሄጄ በሌሎቹ ፈረስ መሪዎች ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ያባረርሁት በሰው ፊት ነበርና። «እሺ ፓስተር» አለኝ። ወደ መዘምራን ይመለስ እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገረኝም። አልገፋሁትም።

በመጀመሪያው ሐሙስ ስንደርስ ደጁ ላይ ዘጠኝ ፈረሶች ታስረው ነበር። ብርዱ ይቆርጣል፤ ቤቱ ውስጥ እሳት ነዷል። እርሱ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። መዝሙር የሚጀምር ሰው ሲጠፋ ጥቂት ዝም አልንና እርሱ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ጀመረልን።

ያ የአሜሪካው ልጅ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ነበር፤ ሁለተኛውን ሥራ ትቷል። እናቱ «ገንዘብ ይቀንስብኛል» አላለችም፤ የጠየቀችኝ የሚቀጥለው ሽርሽር መቼ እንደሆነ ነው። ረቡዕ ነው አልኋት። ባለቤቴ ዳቦ ትጋግራለች።